የዳይፐር ማሽን ላይ የጨርቅ ጥቅል ሲያልቅ በእጅ እንዴት ይቀጠላል

ዳይፐር ወይም ሞዴስ የሚሠራ ማሽን ያልተሸመነውን መምጠጫ ጨርቅ ከጥቅል ላይ እየሳበ ነው የሚሠራው። ጥቅሉ ሲያልቅ የአዲሱን መጀመሪያ ከአሮጌው መጨረሻ ጋር መቀጠል ግድ ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች ሳይቆሙ ራሳቸው ይቀጥላሉ፤ እዚህ የማወራው ግን ማሽን አቁሞ በእጅ ስለሚሠራው ነው።

ማሽኑ መቆሙን ብቻ ሳይሆን ኃይሉ ተቋርጦ መቆለፉንም አረጋግጡ። ጓንት አድርጉ። ከአዲሱ ጥቅል የቆሸሸውን የላይኛውን ዙር ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አትሰስቱ። ከዚያ የትኛው ገጽ ወደ ላይ እንደሚሆን እዩ። ይሄን እንዳትንቁት፤ አንዳንዱ ጨርቅ ሁለቱ ገጹ አንድ አይደለም፣ ሲገለበጥ ደግሞ ስህተቱ በዓይን ላይታይ ይችላል።

ሁለቱንም ጫፍ በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ስስ ጨርቅ ከሆነ ጫፎቹን ደርቡና መሃላቸው በሁለቱም ገጽ የሚያጣብቅ ቴፕ ከዳር እስከ ዳር አድርጉ፣ በቃ። ወፈር ያለው መምጠጫ ግን ሲደረብ ጉብ ይላል፣ ስለዚህ ጫፍ ለጫፍ አጋጥማችሁ ከላይም ከታችም ተራ ቴፕ ለጥፉበት። ቴፑ ከጨርቁ ዳር እንዳይወጣ! ትንሽ ብቅ ካለ ሮለሩ (ጨርቁ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ዘንግ) ላይ ይጣበቅና ጨርቁን ጠምጥሞት ቁጭ ይላል። ቴፑን ስትጫኑ ጨርቁን አትወጥሩ፤ ሲለጠጥ ወርዱ ይጠባል።

መጋጠሚያው ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ቴፕ ምልክት አድርጉ። ማሽኑን በዝግታ አስነሱና መጋጠሚያው እስኪያልፍ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ቴፕ ያረፈበት ዳይፐር ለሕፃን አይሄድም። መጋጠሚያውን የሚለይ ሴንሰር ካለ ማሽኑ ራሱ ይጥለዋል፤ ከሌለ በእጅ ለቅማችሁ አውጡ፣ ከፊትና ከኋላው ያሉትንም ጨምራችሁ።