ያላለቀ ሥራን መርጃ መሣሪያ ማድረግ፦ ለእጅ ሥራ መምህራን

ከክፍሌ ቁም ሣጥን በብዛት የሚወጡት ስድስት የካርቶን ቁራጮች ናቸው። ብዙ እጅ ስለነካቸው ጠርዛቸው ለስልሷል፤ ሁለቱን በፕላስተር ጠግኛቸዋለሁ። አዲስ የእጅ ሥራ መምህር "ለክፍሌ ምን ላዘጋጅ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ከቀለሙም ከመቀሱም በፊት የምነግረው ስለ እነዚህ ነው።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለሽመና ትምህርት ይዤ የገባሁት አልቆ ያማረ ጨርቅ ነበር። ሦስት ምሽት ደክሜበታለሁ። ልጆቹ እየተቀባበሉ ዳሰሱት፣ ወደዱት። ክሩን ሳድላቸው ግን ግማሾቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ "መምህር፣ ይሄ ሲጀመር ምን ይመስል ነበር?" አለችኝ። የልጅቷ ጥያቄ ልክ ነበር። ያለቀ ጨርቅ አጀማመሩን ይደብቃል፤ ድሩ (በቁመት የተወጠረው ክር) በማጉ (በአግድም በሚያልፈው ክር) ተሸፍኗል፣ የክሩ ጫፍ ተቀብሯል፣ ጨርቁ የተሸመነበት ካርቶንም ወልቆ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ይዤ የምገባው በየደረጃው የቆመ ሥራ ነው።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ስዊድናዊው ኦቶ ሳሎሞን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኔስ በተባለው ስፍራ መምህራንን ሲያሠለጥን፣ ተማሪዎች የሚሠሯቸውን የእንጨት ዕቃዎች ከቀላል ወደ ከባድ በተርታ አሰናድቶ ነበር። እኔ ያንን ተርታ አንድ ዕቃ ውስጥ አስገባሁት።

ስድስቱ ካርቶኖች

ወፈር ያለ ካርቶን በ14 እና በ20 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። በሁለቱ አጫጭር ጠርዞች ላይ፣ ከዳር 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ጀምሩና በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚገባ ስንጥቅ አውጡ። በእያንዳንዱ ጠርዝ 13 ስንጥቅ ይወጣል። ቁጥሩን ጎዶሎ ያደረግሁት በምክንያት ነው። ድሩ 13 ክር ከሆነ፣ በላይ አልፎ የጀመረ ማግ መስመሩንም በላይ አልፎ ይጨርሳል፤ በሥር የጀመረም በሥር። ልጁ ዳር ደርሶ እንዲህ ካልሆነለት መሐል ላይ አንድ ክር ዘሏል ማለት ነው። እኔን ሳይጠራ ተመልሶ ይፈልገዋል።

የመጀመሪያው ካርቶን ስንጥቁ ብቻ ያለበት ነው። ሁለተኛው ድሩ የተወጠረበት ነው፤ የክሩ መነሻና መድረሻ ከጀርባ በፕላስተር ተይዟል። ይህን ካርቶን ሁልጊዜ አገላብጠው እንዲያዩት አደርጋለሁ፤ ጀማሪ የሚጠፋበት ከጀርባ ነውና። ድሩን በጣት ጫን ሲሉት ወዲያው መመለስ አለበት፤ ካርቶኑ ከጎበጠ ግን ከልክ በላይ ተወጥሯል። ለድር የማይለጠጥ የጥጥ ክር ምረጡ። የሱፍ ክር ለማግ ድንቅ ነው፣ ለድር ግን እየላላ ያስቸግራል።

ሦስተኛው ላይ ሦስት መስመር ተሸምኖ መርፌው እንደተሰካ ቀርቷል። ጫፏ ደነዝ፣ ቀዳዳዋ ሰፊ የሆነ መርፌ ትሁን። መርፌውን እዚያው መተው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልጁ ግን ቀጣዩን እርምጃ ከመርፌው አቅጣጫ ያነብባል። አራተኛው ካርቶን ግማሽ ላይ ደርሶ ቀለም የተቀየረበት ነው፤ የአሮጌውም የአዲሱም ክር ጫፍ ገና አልተቀበረም፣ ተንጠልጥሏል። አምስተኛው ያለቀ ነው፣ ከካርቶኑ ግን አልተላቀቀም።

ስድስተኛው የተበላሸው ነው፤ ከሁሉም አብልጬ የምሳሳለት እሱ ነው። ታች 12 ሴንቲ ሜትር የነበረው ስፋት ላይ ሲደርስ 8 ሆኗል፤ ጎንና ጎኑ ወደ መሐል ተስቧል። ማስመሪያ እሰጣቸውና በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ስፋቱን እየለኩ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ከዚያ "ክሩ የት ሄደ?" እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ አንዱ ራሱ ይደርስበታል፦ ማግ በድር ላይና ሥር እየተጥመለመለ ስለሚያልፍ ከቀጥታው ስፋት የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። ቀጥ አድርገው ከጎተቱት የጎደለውን ርዝመት ከዳሩ ይወስዳል። መፍትሔውም ቅርብ ነው፤ ማጉን እንደ ኮረብታ ቅስት አድርጎ ማሳለፍ፣ ከዚያ ከመሐል ጀምሮ በሹካ ወይም በማበጠሪያ ወደ ታች መጫን። ይህን በቃል ብቻ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከክፍሉ አብዛኛው ጨርቅ ጠቦ ይመለስ ነበር።

ጭቃው

ለሸክላ ሥራ የማዘጋጀው አራት ትናንሽ ንጣፎች ነው፤ ሁሉም ከአንድ ጭቃ፣ ሁሉም 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። አንዱ እርጥብ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጠንከር ብሎ ገና እርጥበት ያለው ነው፤ እጀታ የሚቀጠለው፣ ቅርጽ የሚፋቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሦስተኛው ፈጽሞ ደርቋል። አራተኛው በእቶን እሳት ተተኩሷል። በእያንዳንዱ ላይ ገና እርጥብ ሳለ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር በመርፌ ጫርኩበት። ተማሪዎቹ በማስመሪያ ሲለኩት ጭቃ ሲደርቅም ሲተኮስም እንደሚያጥር በዓይናቸው ያዩታል። ምን ያህል እንደሚያጥር ከጭቃ ጭቃ ይለያያል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር አትዋሱ፣ በራሳችሁ ጭቃ ለኩ። ክዳን ያለው ዕቃ የሚሠራ ልጅ ይህን ካወቀ ክዳኑንና አካሉን ከአንድ ጭቃ፣ በአንድ ቀን ሠርቶ አብሮ ያደርቃል።

ሁለት ብርጭቆ ውሃም አስቀምጣለሁ። አንዱ ውስጥ የደረቀ ቁራጭ፣ ሌላው ውስጥ የተተኮሰ ቁራጭ ይገባል። የደረቀው አረፋ እያወጣ ይሰነጠቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ አሸዋ ክምር ይናዳል። የተተኮሰው እንዳለ ይቀመጣል። ክፍሉ ጸጥ የሚልበት ሰዓት ነው። እሳቱ ከጭቃው ጋር ተሳስሮ የኖረውን ውሃ ሳይቀር አስወጥቶ ወደማይመለስበት እንደለወጠው የማስረዳው ያኔ ነው። በዚያው የተሰበረና የተረፈ ጭቃ እንዴት እንደሚታደስም ይማራሉ፤ መጀመሪያ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ መጨመር። ግማሽ እርጥብ የሆነው ለቀናት ጓል ሆኖ ይቀራል።

ከእነዚህ ጎን የተቀመጠ አንድ ስባሪ አለ። የአንድ ተማሪ የእንስሳ ቅርጽ ነበር፤ ሆዱ ድፍን ነው፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰዓቱ ስላጠረ ከላይ ደርቋል ብዬ እቶን ውስጥ አስገባሁት። ውስጡ የቀረው ውሃ በ100 ዲግሪ አካባቢ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ፈነዳ፤ አጠገቡ የነበሩትን ሦስት ሥራዎችም ሰባበረ። ለአራት ልጆች ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አልረሳውም። አሁን ወፍራም ቅርጽ ሁሉ ውስጡ ተቦርቡሮ ትንሽ ቀዳዳ ይበጅለታል። ከመተኮሱ በፊትም ጉንጬ ላይ አስጠጋዋለሁ፤ ከቀዘቀዘኝ ገና እርጥብ ነው፣ ይቆያል።

አንድ ነገር ሳታመነቱ ከልክሉ፦ የደረቀ ጭቃን በመጥረጊያ መጥረግ። የሚነሣው ብናኝ ሳንባ የሚጎዳ፣ ሲሊካ የተባለ ማዕድን አለበት። ጠረጴዛውም ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

ወረቀት

እዚህ ላይ ብዙ አያስፈልግም። ከአንድ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጭ ቁረጡ፣ አንዱን በቁመቱ፣ አንዱን በወርዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከአንድ ጫፍ ስትይዟቸው አንዱ ቀጥ ይላል፣ ሌላው ይዘነበላል። ፋብሪካ የሠራው ወረቀት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክሮች አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ናቸው፤ ቀጥ ያለው በዚያ አቅጣጫ የተቆረጠው ነው። በክሮቹ አቅጣጫ ሲያጥፉት ጥርት ብሎ ይታጠፋል፤ ክሮቹን አቋርጠው ሲያጥፉት ግን ወፍራም ወረቀት ይሰነጠቃል። ደብተር ሲጠርዙ የክሮቹ አቅጣጫ ከጥራዙ ጀርባ ጋር ትይዩ ይሁን። ሁለቱን ቁራጮች ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው፤ ይበቃል።

መሣሪያና የመመሪያ ካርድ

መሣሪያ የሚሰቀልበት ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን ቅርጽ ዙሪያውን በቀለም ሥሩ፤ ደወል ሲደወል የጎደለው መቀስ ባዶ ጥላው ይናገራል። መርፌ በቁጥር ይሰጣል፣ በቁጥር ይመለሳል። ለግራኝ ልጅ እጀታው ብቻ የተለወጠ ሳይሆን ስለቱ ራሱ የተገለበጠ መቀስ ግዙ፤ በቀኝ እጅ መቀስ የሚቆርጥበትን መስመር ስለቱ ይከልለዋል። "እጁ አይታዘዝም" ሲባል የኖረ ልጅ ትክክለኛውን መቀስ ይዞ በመጀመሪያው ቀን ክብ ሲቆርጥ አይቻለሁ።

በመመሪያ ካርድ ላይ ፎቶ የምታስገቡ ከሆነ ከሠሪው ትከሻ በላይ ሆናችሁ አንሡ። ከፊት ለፊት የተነሣ ፎቶ ቀኙን ግራ ያደርገዋል፤ ልጁ በአእምሮው መገልበጥ ይኖርበታል፣ ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ይጠፋዋል። በአንድ መስመር አንድ ግሥ ብቻ ጻፉ፦ እጠፍ። ውጋ። ሳብ። ቋጥር።

ካርቶኖቹ ያልቃሉ፤ በየዓመቱ ይተካሉ። አሁን የምተካቸው በተማሪዎች ሥራ ነው። በየተርሙ አንድ ልጅ ግማሽ ላይ እንዲያቆምልኝና እንዲሰጠኝ እለምናለሁ፤ ሳይጨርስ መስጠት ስለሚከብደው ሌላ ካርቶንና ክር እሰጠዋለሁ። ከሰጠኝ ሥራ ጀርባ ስንት መስመር እንደደረሰና ስፋቱ በየት በኩል ስንት እንደሆነ በራሱ እጅ በእርሳስ ይጽፍልኛል።