በቤት ኤንኤኤስ ላይ በየሌሊቱ ራሱን የሚያድስ ባክአፕ እንዴት ይዘጋጃል? ሲስተጓጎልስ እንዴት ይስተካከላል?

ይህ ጽሑፍ ፎቶውን፣ ሰነዱንና የድምፅ ቅጂውን በቤት ኤንኤኤስ ላይ ለሚያኖር ሰው የተጻፈ ነው። ኤንኤኤስ የምንለው ከራውተሩ ጋር በኬብል የሚገናኘውን፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ የሚይዘውንና ቤተሰቡ ሁሉ በጋራ የሚጠቀምበትን የመረጃ ማከማቻ ሳጥን ነው። እኔ የምጠቀመው ባለሁለት ዲስክ የሲኖሎጂ ሳጥን ስለሆነ ምሳሌዎቼ ሃይፐር ባክአፕ በተባለው ፕሮግራም ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የሌላ አምራች ሳጥን ያለው ሰው የቁልፎቹ ስም ይለይበት እንጂ የሥራው ቅደም ተከተል ያው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ የተሳሳተ እምነት መነሣት አለበት። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ዲስኮች ሬይድ 1 በሚባለው አሠራር አንዱ የሌላው መንታ ሆነው ሲቀመጡ ብዙ ሰው ባክአፕ ያለው ይመስለዋል። ሬይድ የሚጠብቀን ከአንድ ዲስክ መበላሸት ብቻ ነው። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ሳጥኑን የሚወስድ ሌባም ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። የሚያስፈልገን ከሳጥኑ ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ ነው፤ እሱም ኢንክሪመንታል የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ይህ ዓይነቱ ባክአፕ በመጀመሪያው ሌሊት ሁሉንም ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይጨምራል። የየሌሊቱ መልክ ለየብቻ ስለሚመዘገብም ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረውን ሰነድ እንደነበረ መክፈት ይቻላል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ዲስኩና መብራቱ

በሳጥኑ ላይ ካለው መረጃ መጠን ቢያንስ አንድ እጥፍ ተኩል የሚይዝ የውጭ ሃርድ ዲስክ ያዘጋጁ፤ 2 ቴራባይት መረጃ ላለው ሰው 4 ቴራባይት ዲስክ ለዓመታት ይበቃዋል። ዲስኩን በሳጥኑ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ሰክተው ከሳጥኑ ሴቲንግ ውስጥ በኢኤክስቲ4 ፎርማት ያድርጉት። ፋት32 የተባለው አሮጌ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል መያዝ ስለማይችል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ፣ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ኬብል ከሳጥኑ ጋር አገናኝተው በኮንትሮል ፓነሉ የሃርድዌርና የኃይል ክፍል ውስጥ የዩፒኤስ ድጋፍን ያብሩ፤ ያን ጊዜ ባትሪው ሳያልቅ ሳጥኑ ሥራውን በሥርዓት ያቆማል። እዚያው ክፍል ውስጥ መብራት ሲመለስ ሳጥኑ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውንም ምርጫ ያብሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ወር የፈጀብኝን ስሕተት ልንገርዎ። ትልቁ የውጭ ሃርድ ዲስክ የራሱ አዳፕተር አለው። እኔ ሳጥኑን በዩፒኤሱ ላይ ሰክቼ የዲስኩን አዳፕተር ግን ግድግዳው ላይ ተውኩት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሳጥኑ ሳይጠፋ ዲስኩ ብቻ ከሥሩ ይጠፋና ባክአፑ በመሐል ይቋረጥ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ አዳፕተሩን ወደ ዩፒኤሱ አዛወርኩት፤ ችግሩ ግን አልቆመም። በመጨረሻ ዩፒኤሱን ገልብጬ ጀርባውን ሳነብ፣ ከስድስቱ ሶኬቶች ሦስቱ ከኃይል መዋዠቅ ብቻ የሚከላከሉ እንጂ ከባትሪው ጋር ያልተገናኙ መሆናቸውን አየሁ፤ አዳፕተሩን የሰካሁት ከእነዚያ በአንዱ ላይ ነበር። ስለዚህ የዩፒኤስዎን ጀርባ ያንብቡ፤ ሳጥኑም፣ የዲስኩ አዳፕተርም በባትሪው በኩል መሰካታቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅለው ሳጥኑም ዲስኩም በርተው መቆየታቸውን በዓይንዎ ይዩ።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ሰዓቱ

የሳጥኑ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጆቹ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲጀምር የሚፈልግ ሰው 02:00 ብሎ መሙላት አለበት። 08:00 ብሎ ከሞላ ባክአፑ የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ኔትወርኩን በሚጠቀምበት ጊዜ ነው። የቀኑ አከፋፈልም እንደዚሁ ያሳስታል፦ እኛ «ቅዳሜ ሌሊት» የምንለው፣ ለእሑድ አጥቢያ ያለው ሰዓት፣ ለሳጥኑ እሑድ ነው፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ለሚሠራ ሥራ ምልክት የሚደረገው እሑድ ላይ ነው። የሰዓት ክልሉን ሲመርጡ አዲስ አበባን በዝርዝሩ ውስጥ ካላገኙ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሰዓታቸው አንድ ነው። ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከልም ያድርጉ።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ምን ይቀዳ?

ከሁሉም ደረጃዎች እጅግ የተጎዳሁት በዚህኛው ነው። ሃይፐር ባክአፕ ሥራውን ሲያዘጋጁ የትኞቹ ዋና ፎልደሮች እንዲቀዱ ይጠይቅዎታል፤ እርስዎም ምልክት ያደርጋሉ። ምልክት ባደረጉበት ፎልደር ውስጥ ወደፊት የሚጨመር ነገር ሁሉ በራሱ ይቀዳል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚከፍቱት አዲስ ዋና ፎልደር ግን ተመልሰው ገብተው ካልመረጡት በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ስሕተት የሚል መልእክትም አይመጣም፤ ፕሮግራሙ የታዘዘውን ሁሉ ቀድቷልና።

ደብረ ታቦር ሄጄ የአያቴን ድምፅ ቀድቼ ነበር። እስከ ሰባት ቤት የዘር ቆጠራውን፣ በልጅነቷ የምታውቃቸውን የሰርግ ዘፈኖች፣ የአባቷን አሟሟት ነግራኛለች፤ በአሥራ አራት ቅጂ። ወደ ቤት ስመለስ ሳጥኑ ላይ «ድምፅ» የሚል አዲስ ዋና ፎልደር ከፍቼ አስቀመጥኳቸው። ሰባት ወር ሙሉ በየጠዋቱ «ባክአፕ ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር። አንድ ቀን ላፕቶፔን ሳጸዳ ትርፍ ቅጂ የመሰለኝን ሰረዝኩ፤ የሰረዝኩት ግን ከሳጥኑ ላይ ያለውን ዋናውን ነበር። የተሰረዘ ፋይል ለጊዜው የሚቆይበትን የቆሻሻ ቅርጫት ለአዲሱ ፎልደር አላበራሁለትም። ባክአፑን ከፍቼ የፎልደሮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ስመለከት ፎቶ፣ ሰነድ፣ ሙዚቃ አለ፤ ድምፅ የሚል የለም። ከአሥራ አራቱ ሦስቱን ያገኘሁት ለአክስቴ በቴሌግራም ልኬላት ስለነበር ነው። አያቴ በዚያ ጊዜ አርፋለች።

ስለዚህ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። «ቤተሰብ» የሚል አንድ ዋና ፎልደር ብቻ አለኝ፤ ፎቶውም፣ ሰነዱም፣ ድምፁም በእሱ ሥር እንደ ንዑስ ፎልደር ይቀመጣሉ፤ በባክአፑ ውስጥ የተመረጠው ይህ አንዱ ነው። የተለያየ ፈቃድ ስለሚያስፈልግዎ ዋና ፎልደሮቹን ለያይተው መያዝ ግድ ከሆነብዎ፣ አዲስ በከፈቱ ቁጥር ወደ ሃይፐር ባክአፕ ገብተው ምልክት ማድረግን የሥራው አካል ያድርጉት። የቆሻሻ ቅርጫቱንም ለእያንዳንዱ ዋና ፎልደር ያብሩ።

አራተኛውና አምስተኛው ደረጃ፦ ሥራውን መፍጠርና ስሪቶቹን መገደብ

ሃይፐር ባክአፕን ይክፈቱና የመደመር ምልክቱን ተጭነው መድረሻውን የዩኤስቢ ዲስኩ ያድርጉ። አንድ ስሪት (የአንድ ሌሊት መልክ) ብቻ የሚይዘውንና ብዙ ስሪት የሚይዘውን ከጠየቀዎ ብዙ ስሪት ያለውን ይምረጡ። አንድ ስሪት ብቻ መያዝ ፈጣንና ቀላል ቢመስልም የዛሬው ስሕተት በትናንቱ ጤናማ ፋይል ላይ እንዲጻፍ ስለሚፈቅድ ለማንም አልመክረውም።

ለአሮጌ ስሪቶች ማስወገጃ ስማርት ሪሳይክል የተባለውን ይምረጡ። ይህ ምርጫ ላለፈው አንድ ወር በየቀኑ አንድ፣ ከዚያ ለቆየው ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ስሪት ያስቀራል። የስሪቶቹን ቁጥር 256 ካደረጉት በየሌሊቱ ለሚሠራ ባክአፕ ከአራት ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። የመጀመሪያው ቅጂ ረጅም ነው፦ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢጓዝ እንኳ 1.8 ቴራባይት አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ ፋይሎቹ ጥቃቅን ከሆኑ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ዓርብ ማታ ቢያስጀምሩት መልካም ነው።

ባክአፑን በፓስወርድ የሚቆልፈውን ኢንክሪፕሽን ከመረጡ ፓስወርዱ ከጠፋ መረጃው ለዘላለም እንደተቆለፈ ይቀራል። ሥራው ሲፈጠር የሚወርደውን የቁልፍ ፋይል በዚያው ሳጥን ላይ አያስቀምጡት፤ ሳጥኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እኔ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፌ፣ ቁልፉንም በፍላሽ ይዤ፣ ሁለቱን ከቤት ካርታው ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጫለሁ።

ስድስተኛው ደረጃ፦ መልሶ ማውጣት

የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለቀ በዚያው ቀን አንድ የቆየ ፎቶ፣ አንድ ቪዲዮና አንድ ሰነድ ከባክአፑ ውስጥ ያውጡ። በዋናው ላይ እንዳይጻፍበት ወደ ሌላ ፎልደር ያውጡት፤ ከዚያ ይክፈቱት፤ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ይዩት። ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ መታየቱ ብቻ አይበቃም። ይህን በየሦስት ወሩ ይድገሙት፤ በየጊዜው ሌላ ፎልደር ይምረጡ፤ በቅርብ የተፈጠረውን ፎልደር ደግሞ አይዝለሉት። እኔ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ አድርጌው ቢሆን ኖሮ «ድምፅ» አለመኖሩን በወሩ እደርስበት ነበር።

ሳጥኑ ራሱ ቢቃጠል ምን እንደሚያደርጉም ይሞክሩት። ሃይፐር ባክአፕ ኤክስፕሎረር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያለ ሳጥኑ ባክአፑን በኮምፒዩተር ላይ ይከፍታል። ነገር ግን ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ኢኤክስቲ4 ዲስክን አያነብም፤ ሊኑክስ ያነባል። ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ከፖስታው ውስጥ ቢጨመር በክፉ ቀን ከመባዘን ያድናል።

ሁለተኛው ዲስክ

ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ቅጂውን በኢንተርኔት ወደ ሌላ ቦታ መላክ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ፦ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 1 ቴራባይት ለማድረስ ሳይቋረጥ 18 ቀን ከግማሽ ይፈጃል። ስለዚህ እኔ ሁለተኛ ዲስክ ገዝቼ፣ የራሱን ሥራ ፈጥሬለት፣ በወር አንዴ ገርጂ ያለችው እህቴ ቤት አኖረዋለሁ። ከኤሌክትሪክም ከኔትወርክም የተነቀለ መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲኖሎከር የተባለ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ሶፍትዌራቸው ወዳልታደሰ የሲኖሎጂ ሳጥኖች በኢንተርኔት በኩል ገብቶ ፋይሎቹን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቆባቸዋል፤ መሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክ ጋ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም። ዲስኩን ሲነቅሉ መጀመሪያ ከሶፍትዌሩ ያስወጡት።

ሲስተጓጎል

አንድ ሌሊት ተዘልሎ ካገኙ መጀመሪያ የመብራቱን ሁኔታ ያስቡ፤ ሳጥኑ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ የሚቀጥለውን ሌሊት ሳይጠብቁ በእጅዎ ያስጀምሩት። በመሐል የቆመ ሥራ ካለ እንዲቀጥል የሚያደርገውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሥራውን ሰርዞ ከዜሮ መጀመር ብዙዎች የሚቸኩሉበት ነገር ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ሥራው ከዝርዝሩ ቢጠፋ እንኳ ባክአፑ በዲስኩ ላይ እስካለ ድረስ ከነባሩ ጋር እንደገና ማያያዝ የሚል ምርጫ አለ።

መድረሻው አልተገኘም የሚል መልእክት ሲመጣ ኬብሉን ከመቀየርዎ በፊት የዲስኩን አዳፕተር ይንኩት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ኃይል አልደረሰውም። አዳፕተሩ ሞቆ ዲስኩ ካልታየ ኬብሉን ይቀይሩ፤ ከዚያ ቀዳዳውን።

የመልእክቶቹን ልማድ ማወቅ ይጠቅማል። እኔ ሲሳካም ሲከሽፍም እንዲነግረኝ አድርጌያለሁ፤ ሲከሽፍ ብቻ እንዲልክ ካደረጉት የኢሜይሉ ፓስወርድ ተቀይሮ መላክ ያቆመ ቀን ዝምታውን እንደ ደህንነት ይቆጥሩታል። የየሌሊቱንም መጠን ይመልከቱ። እንደ ወትሮው 2 ወይም 3 ጊጋባይት ሲጨምር የነበረ ባክአፕ በአንድ ሌሊት 400 ጊጋባይት ከጨመረና አዲስ ቪዲዮ ያስገባ ሰው ከሌለ፣ ፋይሎቹን የሚቆልፍ ማልዌር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ዲስኩን ነቅለው ፋይሎቹን ይመርምሩ።

በየሳምንቱ የሚካሄድ የጤንነት ምርመራም ያዘጋጁ። ምርመራው ባክአፑ ተበላሽቷል ካለ በዚያ ዲስክ ላይ ያለውን አይሰርዙት፤ ለይተው ያስቀምጡት፤ በሌላ ዲስክ ላይ አዲስ ሥራ ፈጥረው ሙሉ ቅጂው በዚያው ሌሊት እንዲጀምር ያድርጉ። አዲሱ ቅጂ አልቆ ከውስጡ ፋይል አውጥተው እስከሚያረጋግጡ ድረስ አሮጌው ዲስክ ከመሳቢያው አይውጣ።