ጠዋት የሚዋዥቅ ሚዛን፦ የሎድ ሴል ችግሮችና መፍትሔያቸው

ከቃሊቲ እስከ ዱከም፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ካሉ ፋብሪካዎች «ሎድ ሴሉ ሞቷል፤ አዲስ ይታዘዝልን» ተብሎ ሲደወል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሎድ ሴሉ፣ ማለትም ክብደትን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይረው የሚዛኑ ክፍል፣ ደህና ነው። የታመመችው ገመዶቹ የሚገናኙባት ሳጥን ናት። የኃይል ምንጩን፣ ፊውዙንና የላሉ ብሎኖችን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ጠዋት ይዋዥቃል፣ ቀትር ላይ ይረጋጋል

ምክንያቱ እርጥበት ነው። የሚብሰው በክረምት ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥም አይቀርም፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ያልበዋል። በማለዳ ክዳኑን ብትከፍቱ ከውስጥ በኩል ጠብታው ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ፀሐይ ሲበረታ ይደርቅና ሚዛኑ «ይድናል»። ባለሙያው በቀትር ደርሶ «ምንም የለበትም» ብሎ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። በማለዳ ሂዱ።

ይህች ጥቂት ውሃ እንዴት ሚዛን ታናጋለች ለሚል ሒሳቡ ይኸው። እያንዳንዳቸው 30 ቶን የሚሸከሙ፣ 350 ኦም የሆኑና በአንድ ቮልት 2 ሚሊቮልት የሚሰጡ አራት ሎድ ሴሎች ያሉት የመኪና ሚዛን እንውሰድ። 10 ቮልት ተልኮለት 120 ቶን ሙሉ ቢጫንበት የሚመልሰው 20 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ 20 ኪሎ ማለት 3.3 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። በአንድ የኃይል ሽቦና በአንድ የሲግናል ሽቦ መካከል 65 ሜጋ ኦም ያህል መፍሰሻ (ኤሌክትሪክ በእርጥበቱ በኩል የሚሾልክበት መንገድ) ከተፈጠረ ንባቡ በ20 ኪሎ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን መፍሰሻ ብዙዎቹ ቴስተሮች አያዩትም።

ገላን አካባቢ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የስንዴው ሲሎ ሎድ ሴሎች በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው ተቀየሩ፤ ጠዋት ጠዋት መዋዠቁ ግን አልቀረም። ሳጥኑን ስከፍተው ትርፍ የነበረው የገመድ መግቢያ ቀዳዳ በተጠቀለለ ፌስታል ተወትፏል፤ ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት የውስጠኛው ሰሌዳ ጠርዝ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ሰሌዳው ታጥቦ ሲደርቅና ቀዳዳው በአግባቡ ሲደፈን ንባቡ ረጋ። መጋዘን የተጣሉት አሮጌዎቹ ሎድ ሴሎች ሲለኩም አንድም እንከን አልተገኘባቸውም። ሰበታ ላይ ደግሞ ሳጥኑ የገመድ መግቢያው ወደ ላይ ዞሮ ተሰቅሎ ነበር፤ የጥበቃ ሠራተኛው በየቀኑ ሚዛኑን በግፊት ውሃ ያጥባል። «ውሃ እንዳይገባ» ተብሎ የተጠቀለለበት ላስቲክም የገባውን ውሃ እንዳይወጣ ይዞት ከረመ።

አሠራሩ ይህ ነው። ሎድ ሴሎቹን በሙሉ ከሳጥኑ ንቀሉ። የአንዱን ሎድ ሴል ሽቦዎች በአንድነት ጠምዝዙና ከብረት አካሉ ጋር በሜገር (መፍሰሻን በሚለካው መሣሪያ) ለኩ፤ 50 ቮልት ላይ ብቻ። ደህናው በሺዎች የሚቆጠር ሜጋ ኦም ያሳያል። ሜገሩን 1000 ቮልት ላይ አድርጎ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን ካያችሁ እጁን ያዙት፤ የመረጃ መቀበያው ካርድ (የሎድ ሴሎቹን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ንባብ የሚቀይረው) ሳይነቀል ከለካማ ካርዱም አብሮ ይሄዳል። ሎድ ሴሎቹ ደህና ከሆኑ ሰሌዳውን በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፤ በፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት አድርቁ። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አትርጩበት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም አትቀቡት፤ መዳብ ይበላል። ትርፍ ቀዳዳ በራሱ መድፈኛ ይደፈን፤ መግቢያዎቹ ወደ ታች ይዙሩ፤ ገመዱ ከመግባቱ በፊት ውሃው እንዲንጠባጠብ ወደ ታች ይታጠፍ። ገበያ ላይ የሚሸጡት ርካሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች የላስቲክ ማሸጊያቸው ከአንድ ክረምት አያልፍም፤ ግዢ ክፍል ግን መልሶ እነሱኑ ይገዛል።

ከብየዳ በኋላ ዜሮው ጠፋ

በያጁ የመሬት መቆንጠጫውን ሩቅ አስሮ ጅረቱ በሎድ ሴሉ በኩል አልፏል። ተቃጥሏል፤ ይቀየር። ሚዛን ላይ ሲበየድ መቆንጠጫው ከሚበየደው ሥፍራ አጠገብ ይታሰር፤ ሎድ ሴሎቹም ከካርዱ ይነቀሉ።

ሞተር ሲነሳ የኮምፒውተሩ ንባብ ይዘላል

የሲግናሉ ገመድ ከኢንቨርተሩ (ከሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው) ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ሄዷል። ለዩት። የሲግናል ገመዱን የመረብ ሽፋን በአንድ ጫፍ ብቻ፣ በካርዱ በኩል፣ ከመሬት አገናኙ። ካርዱ ኤችኤክስ711 የሚባለው ዓይነት ከሆነ በሰከንድ 80 ንባቡን ወደ 10 አውርዱት፤ የ50 ኸርዝ ረብሻ የሚጣራው በዚያ ነው።

ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን ያንሳል

በአውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብና ከፍታ ላይ ስለሆነች የስበት ኃይሉ ያንሳል፤ ንባቡም በአንድ ቶን ከ3 ኪሎ በላይ ይጎድላል። «የፋብሪካ ማስተካከያ ስለሆነ አይነካ» የሚሉትን አትስሙ፤ እዚሁ፣ በቆመበት ቦታ ይስተካከላል።

ማዕዘኖቹ አይስማሙም

ያው ጭነት በየማዕዘኑ የተለያየ ንባብ ከሰጠ፣ መጀመሪያ ከሥር ጭቃና ድንጋይ ፈልጉ። በአቃቂና በዱከም ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ከተንቀሳቀሰ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ማስተካከያዎች ማዞር ድካም ብቻ ነው።

ንባቡ አሉታዊ ከሆነ ሁለቱን የሲግናል ሽቦዎች አቀያይሩ። የሽቦ ቀለም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ወረቀቱን እዩ። አይጥ የበላው ገመድና መብረቅ የመታው ካርድ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የአራት ሽቦ ገመድ ረዝሟል ብላችሁ አትቁረጡ፤ ማስተካከያው ከነርዝመቱ የተሠራ ነው።

ስታስተካክሉ መሣሪያው ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። ሙሉ ጭነት ደጋግማችሁ አውጡና አውርዱ፤ ከዚያ ዜሮ፣ ቀጥሎ ማዕዘኖቹ፣ በመጨረሻ ሙሉ ክብደቱ። 40 ቶን የሚመዝንን ሚዛን ሦስት ሰው አቁሞ «አስተካከልኩ» ማለት ቀልድ ነው። የተረጋገጡ የብረት ክብደቶች ካልበቁ፣ በእነሱ የተመዘነ መኪና ላይ ክብደቶቹን እየደመራችሁ ውጡ። ጭነቱ ሲወርድ ወደ ዜሮ መመለሱን አረጋግጡ። ባዶውን የሚሊቮልት ንባብ ከነቀኑ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ዜሮው መንሸራተቱን ከዚያ ያውቃል።