አንገቴን ያሳመመኝ የደረሰኝ ክምር ነበር

ለስምንት ወር ያህል ከግራ ትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ሥር የሚዘልቅ ውጋት አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። ትራስ ቀየርኩ፣ ታሸሁ፤ እሑድ ይሻለኝና ሰኞ ከሰዓት ይመለሳል። ጥፋቱን በወንበሩ ላይ አላክኬ አለቃዬን አዲስ እንዲገዛልኝ ስነዘንዘው ከረምኩ። ደግነቱ አልገዛልኝም።

ነገሩ የገባኝ ባልደረባዬ ሳላያት ከጎን ፎቶ ስታነሳኝ ነው። አገጬ ወደ ፊት ወጥቶ፣ አንገቴ ወደ ግራ ተጠምዝዞ፣ ሳንቲም የጠፋበት ሰው መስያለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደረሰኞቹን ከላፕቶፑ በስተግራ ዘርግቼ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ሳነብ እውላለሁ። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባጎነበስን ቁጥር የአንገት ጡንቻ የሚሸከመው ጫና ይጨምራል።

ላፕቶፑን በአራት ቦክስ ፋይሎች ላይ ሰቀልኩት፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኔ ጋር እኩል ሆነ። ግን እጄም አብሮ ተሰቀለ። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ሳይገዙ ላፕቶፕ ከፍ ማድረግ ሕመሙን ከአንገት ወደ ትከሻ ማዛወር ነው፤ ሁለት ቀን ሞክሬ አይቼዋለሁ። ደረሰኞቹ አሁን በኪቦርዱና በስክሪኑ መካከል፣ ዘመም ባለ ፋይል ላይ ተደግፈው ፊት ለፊቴ ናቸው። ወንበሩን ክርኔ ከጠረጴዛው እኩል እስኪሆን ሳነሳው እግሬ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩ የወረቀት ካርቶን ገፋሁበት።

በየ30 ደቂቃው እንድነሳ ስልኬ ይጮሃል፤ ግማሹን ጊዜ አጠፋዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ውጋቱ ለቀቀኝ። ወር መዝጊያ ሲደርስ ብቻ ትከሻዬ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል። እጄን ቢያደነዝዘኝ ኖሮ ግን ካርቶን ከመደርደሬ በፊት ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ነበር።