ደመወዝ ሠራተኛዋ እጅ የማይደርስ ከሆነ፦ ለእኛ የሠራው መፍትሔ

ጅማ ውስጥ ቢሮና ሆቴል የሚያጸዳ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ደመወዝ በሰዓቱ እንከፍላለን። ሆኖም በደላላ የመጡት ልጆች ለባጃጅ እንኳ ይበደሩ ነበር።

መጀመሪያ ሰብስበን ጠየቅናቸው። የደላላው ሰው አጠገባቸው ስለነበር "ምንም ችግር የለም" አሉ። ቀጥሎ ደላላውንና የሳሙና አቅራቢያችንን "በግዳጅ የሚሠራ ሰው የለም" የሚል ወረቀት አስፈረምን። ሁለቱም ሳያነቡ ፈረሙ። ምንም አልተለወጠም።

ነገሩን የፈታው የደመወዝ ሊስቱ ነው። የቴሌብር ቁጥሮቹን ቁልቁል ሳይ አንዱ ቁጥር በብዙ ስም ፊት ይደጋገማል። የደላላው ነው። ከዚያ ወዲያ በሠራተኛዋ ስም ላልተመዘገበ ስልክ አንከፍልም አልን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ደመወዝ ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው በቀጥታ ይከፈል ይላል።

ያኔ የባሰው ወጣ። ቴሌብር ለመክፈት መታወቂያ ሲጠየቁ፣ መታወቂያቸው "የትራንስፖርትና የምግብ ዕዳ" ተብሎ ደላላው ጋ ተይዟል። መታወቂያ መያዝና በዕዳ ማሰር የታወቁ የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ናቸው። ካልመለስክ ለፖሊስ እናመለክታለን አልነው። መለሰ። ልጆቹ ያለባቸው "ዕዳ" ከእኛ ደመወዝ እንደማይቆረጥም በጽሑፍ ሰጠናቸው።

አሁን የምንቀጥረው ራሳችን ነን። ውሉን በአማርኛና በኦሮምኛ እናነብላቸዋለን፤ አንድ ኮፒ እነሱ ጋ ይቀራል።

ለሳሙና አቅራቢውም ያው ዘዴ ይሠራል፤ የደመወዝ ሊስቱን እዩ። እሱ ጋ ሳሙና በጄሪካን የሚሞሉትን ልጆች ደግሞ አለቃቸው በሌለበት፣ ብቻቸውን አነጋግሩ። "ደመወዝሽን ማን ይቀበላል?" ብላችሁ ጀምሩ።