የብልጭታ ክፍተትን በተፈለገው ቅጽበት ማስነሳት

ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የማርክስ ጀነሬተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን ሞልቶ በብልጭታ ክፍተቶች በኩል በተከታታይ በማያያዝ ቮልቴጅ የሚያባዛ መሣሪያ) የሚተክል ሰው አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው ስለ አየሩ ስስነት ነው። በባሕር ጠለል በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለ 1 ሴንቲ ሜትር የአየር ክፍተት 30 ኪሎ ቮልት ገደማ ይችላል፤ እዚህ ግን አቅሙ በሩብ ያህል ይቀንሳል። በመጽሐፍ ሰንጠረዥ የሰፈረውን ርቀት እንዳለ የወሰደ ሰው፣ ክፍተቱ ሳይታዘዝ ሲተኮስበት፣ ማለትም ብልጭታ ሲያሳልፍበት፣ ያያል። አቃቂ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ እንኳ ወደዚህ ሲመጣ እንደ አዲስ መለካት አለበት።

ለዚህም የማስነሻውን (ክፍተቱን በተፈለገው ቅጽበት የሚያስተኩሰውን የቮልቴጅ ምት የሚሰጠውን ክፍል) ገመድ ነቅለው ካፓሲተሮቹን ቀስ ብለው ይሙሉ፤ ክፍተቱ በራሱ የሚተኮስበትን ቮልቴጅ ቢያንስ 20 ጊዜ ይመዝግቡ። የሥራውን ቮልቴጅ ከአማካዩ 75 እስከ 80 በመቶ ላይ ያድርጉ፤ ሆኖም ከተመዘገበው ዝቅተኛ ቁጥር በደንብ በታች ይሁን። በጣም ከወረደ መዘግየቱ (ከማስነሻው ምት እስከ ተኩሱ ያለው ጊዜ) ይረዝማል፣ ይዋዥቃልም። በየሙከራው መካከል እያንዳንዱን ካፓሲተር በመሬት ማስያዣ ዘንግ አራግፈው ጫፎቹን አገናኝተው ይተዉ፤ የተራገፈ ካፓሲተር ከቆይታ በኋላ ቮልቴጅ መልሶ ያበቅላልና። በተለይ ደግሞ መብራት ጠፋ ማለት ካፓሲተሩ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም።

ማስነሻ የሚያስፈልገው በአብዛኛው ለመጀመሪያው ክፍተት ነው፤ እርሱ ሲተኮስ በቀጣዩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ስለሚያሻቅብ ሌሎቹ በተራ ይከተላሉ። ብዙዎች የሚዘነጉት፣ እኔ ግን አጥብቄ የምመክረው፣ ክፍተቶቹን በአንድ መስመር እርስ በርስ እንዲተያዩ አድርጎ መደርደር ነው፤ የመጀመሪያው ብልጭታ አልትራቫዮሌት ብርሃን ቀጣዩን አየር አዘጋጅቶ የመዘግየቱን መዋዠቅ ያጠብበዋል። መካኒኮች ቦቢና የሚሉት የመኪና ኮይል ብልጭታ ቢሰጥም ቮልቴጁ የሚነሣው በማይክሮሰከንዶች ስለሆነ፣ ለጥብቅ ጊዜ በናኖሰከንዶች የሚነሣ ምት ይሻላል።

ሁለት ጀነሬተሮች አብረው እንዲተኮሱ ከተፈለገ የማስነሻ ኬብሎቻቸው እኩል ይሁኑ፤ በተለመደው ኮአክሲያል ኬብል ምቱ ለአንድ ሜትር 5 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና የ10 ሜትር ልዩነት 50 ናኖሰከንድ ያራርቃቸዋል። ቋሚ መዘግየት በኬብል ርዝመት ይካካሳል፤ መዋዠቅ ግን በኬብል አይታረምም። ስለዚህ 50 ተኩስ በኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ለውጥ በጊዜ በሚያሳይ መለኪያ) ይመዝግቡና የመዘግየቱን ስርጭት ይዩ። ከሳምንታት ሥራ በኋላ ስርጭቱ ከሰፋ፣ የተቦረቦሩትን ኤሌክትሮዶች ወልውለው የ20ውን ልኬት እንደገና ይጀምሩ።