በስልክ ጥርት፣ በትልቁ ስፒከር ድፍርስ፦ ሮክ ስትሰሙ ምን ትፈትሻላችሁ?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ሁለት ስፒከር በሚኒባስ ጭኖ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ተቃጥለዋል መሰለኝ» አለኝ። ከጅዳ የተላኩለት፣ ወገብ የሚደርሱ ጥሩ ስፒከሮች ናቸው። ሱቄ ውስጥ አስሬ አንድ የቆየ የትዝታ ካሴት ከፈትኩባቸው። የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ እንኳ ይሰማል። ምንም አልሆኑም።

«እሱማ አዎ፤ ሮኩን ስከፍት ነው ጉዱ» አለና ፍላሹን ሰካው። እውነቱን ነው። ጊታሩ፣ ባሱ፣ ከበሮው አንድ ላይ ተቦክቶ መጣ። በሐምሌ የሚወርደውን ቦርከናን ታውቁት የለ? ልክ እንደዚያ ድፍርስ። «በስልኬ ግን ጥርት ይላል» ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

የስልክ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም። እንደ ወንፊት ነው፤ ቀጭኑን ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ያስቀራል። ትልቁ ስፒከር ግን የተቀዳውን ሁሉ ያወጣዋል፣ ጭቃውንም ጭምር። ስለዚህ ስፒከር ከመፍታታችሁ በፊት ጭቃው ከየት እንደመጣ ለዩ። ወይ ከቅጂው ነው፣ ወይ ከቤታችሁ።

መለያው ቀላል ነው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና ያንኑ ዘፈን ስሙ። በማዳመጫውም ከደፈረሰ ቅጂው ነው። በማዳመጫው ጠርቶ በስፒከር ከደፈረሰ ጥፋቱ ባብዛኛው የክፍሉ ነው። እኛ ስንሞክረው ሁለቱም ሆኖ አረፈው።

መጀመሪያ ቅጂውን ልንገራችሁ። በማሲንቆ ዘፈን ውስጥ ሁለት ነገር ነው ያለው፦ ድምፃዊውና ማሲንቆው። ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ቦታ አለ። ሮክ ላይ ሁለት ጊታር፣ ባስ፣ ከበሮ፣ አንዳንዴም ኪቦርድ ባንዴ ይጮሃሉ። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከሪያ) ያለበት ጊታር ደግሞ ክፍተት አይተውም፤ ድምፁ ሳይቀንስ ይንጠለጠላል። እነዚህ ሁሉ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) አካባቢ ይጋፋሉ። ድምፅ መሐንዲሱ አንዱን ገፋ፣ አንዱን ቀነስ አድርጎ ካላስተካከላቸው ሰኞ ገበያ ማለት ነው፤ ሁሉም ያወራል፣ ማንም አይሰማም።

መሐንዲሱስ በምን እየሰማ ነው የሚያስተካክለው? ያማሃ ኤንኤስ 10 የሚባል ስፒከር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ። በየስቱዲዮው የሮክና የፖፕ ሙዚቃ ሲሠራበት ኖሯል። ትንሽ ነው፣ ባሱም፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ስስ ነው። በእሱ ብቻ የፈረደ ሰው ታች ያለውን ጭቃ ላያየው ይችላል። እናንተ በወገብ ልክ ስፒከር ስትከፍቱት ግን ፍጥጥ ብሎ ይመጣል።

ሌላው መጨመቅ ነው። ሲዲው ከሌላው ሲዲ ጎልቶ እንዲጮህ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጉታል። ያኔ ከበሮው ሲመታ «ድም» ማለቱ ይቀራል፣ ሁሉም አንድ ግድግዳ ይሆናል። የሮክ ባንዱ የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ያስነሳው አቤቱታ ይኸው ነበር። ለጊታር ሂሮ የቪዲዮ ጌም የተሰጠው ቅጂ ያን ያህል አልተጨመቀም ነበርና፣ አድናቂዎቹ ሁለቱን አስተያይተው ጉድ አሉ። ስለዚህ የምትወዱት አልበም ከደፈረሰባችሁ ሌላ እትም ፈልጉ። «ሪማስተርድ» (እንደገና የተስተካከለ) የሚል ስለተጻፈበት ይሻላል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ከድሮው የባሰ የተጨመቀ ነው። ከሰው ፍላሽ ወደ ሰው ፍላሽ የተገለበጠ ባለ 128 ኪሎቢት፣ ማለትም ብዙ ድምፅ የተቀነሰበት፣ ኤምፒ3 ከሆነማ ስለ ስፒከር ባናወራ ይሻላል።

ወደ ቤቱ እንምጣ። ስፒከሮቹን መልሼ ኮምቦልቻ ወሰድኩለት። ክፍሉ እንደ ብዙዎቻችን ቤት አራት በአራት ነው። ብሎኬት፣ ሲሚንቶ ወለል። ስፒከሮቹ ሁለቱ ማዕዘን ውስጥ ተወሽቀዋል፣ ሶፋው ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፏል። ከዚህ የባሰ አቀማመጥ ማምጣት ይከብዳል። አራት ሜትር ክፍል ወደ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያስተጋባል፤ የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር በጣት ሳይያዝ ሲመታ ደግሞ 41 ነው። ክፍሉ ርዝመቱም ስፋቱም እኩል ስለሆነ ማስተጋባቱ እጥፍ ነው። ማዕዘን ባስ ይጨምራል። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ጆሮም ባሱን አብዝቶ ይሰማል።

ከዚያ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሦስት ባና ሰቅሏል! «ድምፅ ይመጥጣል ብለውኝ» አለ። ይመጥጣል፣ ግን ቀጭኑን ነው። ባሱ ባናን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ አልፎት ይሄዳል። የጠራው ድምፅ ተበልቶ ወፍራሙ ብቻውን ቀረ፣ ባሰበት። ሁለቱን አወረድን፣ አንዷን ተውናት። በምትኩ ያልተፈለገ ወፍራም የጥጥ ፍራሽ ማዕዘኑ ላይ አቆምን። ባስ ትንሽም ቢሆን የሚነካው እንዲህ ያለ ወፍራም ነገር ነው።

ስፒከሮቹን ሃያ ሃያ ሳንቲ እያልን ከግድግዳው አራቅናቸው። ሰማንያ ላይ ስንደርስ የባሱ ኖታዎች አንድ በአንድ መለየት ጀመሩ። የእናንተ ቁጥር ሌላ ይሆናል፤ አንድ ዘፈን እየደጋገማችሁ ግፉ። ሶፋውንም አንድ ክንድ ያህል ሳቡት። መሀል ክፍል ላይ ብቻ አትቀመጡ፣ እዚያ ባሱ ጭራሽ ይጠፋል። እህቴ ቡና እያቀረበች «የኔን ፍኒጃል ማስቀመጫ የት ልታደርሱት ነው?» ትላለች። ከቶና በፊት ጨረስን።

የቀረው ቀላል ነው። ማጫወቻው ላይ «ላውድነስ» የሚለውን ቁልፍ አጥፉት፤ ለዝቅተኛ ድምፅ የተሠራ ነው፣ ከፍ አድርጋችሁ ስትሰሙ ባስ በባስ ላይ ይቆልላል። የባሱን ቁልፍ መሀል ላይ አድርጉ። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት መግባቱን እዩ፤ አንዱ ከተገለበጠ ድምፃዊው መሀል ላይ መቆሙን ትቶ ቤቱን ሁሉ ይዞራል። ካሴት ከሆነ ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን ብረት) በአልኮልና በጥጥ ጥረጉት።

ይህን ሁሉ አድርገን አብዛኛው ዘፈን ጠራ። ያቺ በፍላሽ ይዟት የመጣው አልበም ግን አሁንም ድፍርስ ናት። ባሱን ሁለት ነጥብ ቀንሰን ሞከርናት፣ ትንሽ ተሻላት እንጂ አልዳነችም። አሁን የሚሰማት እናቱ ወጥ ቤት ባለችው ትንሽዬ ሬዲዮ ነው።